የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዴይ

ከአዘዞ ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ከኋላው ትቶ፣ ሸኽዲን አልፎ፣ የሱዳን ጠረፍ እስኪደርስ ድረስ ሙቀቱ እየበረታ እንደሚሄድ ያውቃል። በዚያ ቆላ የሰሊጡንና የጥጡን ማሳ የሚያርሰው ትራክተር፣ ምርቱንም ተሸክሞ ወደ ደጋ የሚወጣው የጭነት መኪና ሞተራቸው ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር ነጂው መጠንቀቅ አለበት። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገረው መሣሪያ ታኮሜትር ይባላል። በትራክተር ላይ ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ ከኋላ የሚቀጠለውን መሣሪያ የሚያሽከረክረው ዘንግ በደቂቃ 540 ዙር እንዲዞር ሲፈለግ፣ ሞተሩ በምን ፍጥነት መሥራት እንዳለበት የሚያመለክተው ይኸው መርፌ ነውና።

ከፋብሪካ ሲወጣ ይህ መሣሪያ ያልተገጠመለት መኪና ቢኖር፣ መካኒኩ ከገበያ የተገዛውን ይገጥምለታል። አንደኛው ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ጋር በፊውዝ በኩል ይያያዛል። ሁለተኛው፣ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ከጸዳ የመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ሦስተኛው ለመብራቱ ነው። ዋናው ግን የዙሩን ወሬ የሚያመጣው አራተኛው ሽቦ ነው። በቤንዚን መኪና ይህ ሽቦ ለካንዴላው እሳት ከሚሰጠው ቦቢና ይነሣል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ ስለሌለው፣ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ላይ ለዚሁ ተብሎ ከተዘጋጀው ጫፍ ይወሰዳል። ዲናሞው በዞረ ቁጥር የኤሌክትሪክ ትርታ ይልካል፤ መሣሪያውም ትርታውን እየቆጠረ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ዲናሞው በቺንጋ እየተሳበ ከሞተሩ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚዞር፣ መካኒኩ ልኩን ካላስተካከለው መርፌው ሐሰት ይናገራል።

እንግዲህ በዲናሞው ውስጥ ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚወለደው እንዴት ነው? ይህን ምሥጢር ፈልጎ ያገኘው ሰው ማይክል ፋራዴይ ነበር። የሕይወቱ ታሪክ በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ ዛሬ ባጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጤናው የተጓደለ ስለ ነበር ቤተ ሰቡን የሚያኖረው በጭንቅ ነው። ኑሮ እጅግ በተወደደበት በ1801 ዓ.ም. ልጁ ለሳምንት ይበቃሃል ተብሎ የሚሰጠው አንድ ዳቦ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ያገኘውም ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ነው። በ13 ዓመቱ ለአንድ መጽሐፍ ሻጭ ተላላኪ ሆነ፤ በዓመቱም የመጽሐፍ ድጉሰት ሙያ ሊማር ለሰባት ዓመት ተዋዋለ።

ሌላው ልጅ የሚደጉሰውን መጽሐፍ ከውጭ ብቻ ያየው ይሆናል፤ ፋራዴይ ግን ውስጡን ገልጦ ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ያነበበውንም ከኪሱ ባወጣት ጥቂት ሳንቲም መሣሪያ እየሠራ ይፈትነው ጀመር። በ1812 ዓ.ም. አንድ የሱቁ ደንበኛ የታወቀው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ወደሚሰጠው ትምህርት መግቢያ ትኬት ሰጠው። ወጣቱ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕሉን ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ደጉሶ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በመጀመሪያ ድጉሰቱን እንዳይተው መከረው፤ የሥራ ቦታ በተገኘ ጊዜ ግን በማርች ወር 1813 ዓ.ም. በሳምንት 25 ሺሊንግ እየተከፈለው የላቦራቶሪ ረዳት አድርጎ ቀጠረው።

ይሁን እንጂ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ መሆኑ አልተረሳለትም። በዚያው ዓመት ከዴቪ ጋር ወደ አውሮፓ አገሮች በሄደ ጊዜ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ትቆጥረው፣ ከአገልጋዮችም ጋር እንዲበላ ታደርግ ነበር። በ1821 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር ሲያደርግ፣ የሌላ ሰው አሳብ ወሰደ ተብሎ ታማ። በ1823 ዓ.ም. የሮያል ሶሳይቲ አባል ሊሆን በታጨ ጊዜም የተቃወመው ጌታው ዴቪ ራሱ ነበር። ፋራዴይ ግን በ1824 ዓ.ም. ተመረጠ።

ኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠምጥሞ ፈተና አደረገ። በአንዱ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲለቀቅና ሲቋረጥ፣ ከእርሱ ጋር ባልተነካካው በሁለተኛው ጥቅል መርፌ ተንቀሳቀሰ። የመኪና ቦቢና የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በኦክቶበር ወር ማግኔት ወደ ጥቅል ሽቦ ሲገባና ሲወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ አየ፤ ከዚያም የመዳብ ሰሃን በትልቅ ማግኔት መካከል አሽከርክሮ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ አገኘ። ይህም የዲናሞ መጀመሪያ ነው። ሽቦ ሳይሆን ተሽከርካሪ ገመድ የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ታኮሜትርም ከዚሁ ሕግ አይወጣም፤ በውስጡ የሚዞረው ማግኔት በአጠገቡ ባለው የአሉሚኒየም ጽዋ ላይ ኤሌክትሪክ እያስነሣ፣ ጽዋውን ከነመርፌው ይስበዋል።

ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ አሳቡን በሒሳብ ያጸናለት በኋላ የተነሣው ማክስዌል ነው። ዕውቀቱን ለራሱ ብቻ አላስቀረም፤ ዓርብ ማታ ለሕዝብ፣ በገና ሰሞን ደግሞ ለወጣቶች ያስተምር ነበር። የሰር ማዕርግ ሲሰጠው አልቀበልም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነትንም ሁለት ጊዜ እንቢ አለ። በኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ ከኋላው የቴሌግራፍ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ቴሌግራፍም የኤሌክትሪክና የማግኔት ልጅ ነው። ጦሩ የመጣባቸው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከመተማ በማይርቀው በቋራ የተወለዱት፣ የባለ እጅን ጥቅም አስቀድመው ተረድተው በጋፋት መድፍ የሚሠሩ ሰዎች የሰበሰቡ ንጉሥ ነበሩ። ነገር ግን በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ቡዳ እየተባለ፣ ልጁም ከሰው ተራ እየተገለለ ብዙ ዘመን አልፏል። ስንት ፋራዴይ በወናፍ አጠገብ ተወልዶ ሳይታወቅ እንደ ቀረ ማን ሊቆጥር ይችላል?

ስለዚህ እጁ በዘይት የጠቆረ መካኒክ በመተማ ሙቀት ከሞተር ላይ አጎንብሶ ያንን አራተኛ ሽቦ ሲያያይዝ ያየ ተማሪ ወይም ሹም፣ ሥራውን አይናቅ። ይልቁንም ቀረብ ብሎ ሽቦው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀው።