ቴዎድሮስና ጋፋት፦ ፋብሪካና ትምህርት ቤት በአንድ ግቢ

አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አንድ መድፍ አለ። በአጠገቡ በታክሲ ስናልፍ ብዙዎቻችን ቀና ብለን አይተነዋል። ያ መድፍ ቅጂ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው። ከ150 ዓመት በላይ ሆነው፣ ከዛ አልተነቃነቀም።

ዛሬ መድፉን ትተን መድፉ ወደተሠራበት ቤት እንግባ። የአፄ ቴዎድሮስን ሕይወትም በዚያው በር እናየዋለን። ለምን አሁን? ምክንያቱም ከራቤልና ከአካባቢዋ ወጥተው ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች ለኢንተርንሺፕ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ከፋብሪካ ፋብሪካ ሲዞሩ እያየን ነው። ተቀባይ ሲገኝም ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠው የሚውሉ አሉ። ዩኒቨርሲቲው እዚህ፣ ማሽኑ እዚያ። ይሄን ክፍተት ከሁሉ ቀድሞ በሥጋው ያየው ሰው ደግሞ ቴዎድሮስ ነው።

ቋራ ተወልዶ ካሳ ኃይሉ ይባል በነበረበት ዘመን፣ በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። እሱ ጀግና ፈረሰኛ ነበረው። እነሱ ደግሞ መድፍና የሠለጠነ ወታደር። ውጤቱን ገምቱት። ካሳ ተሸንፎ ተመለሰ። ግን ሽንፈቱን አልረሳውም። ከዚያ ቀን በኋላ መድፍ የሚባል ነገር ከጭንቅላቱ አልወጣም ብንል ማጋነን አይሆንም።

በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ወዲያው በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ወሎን ወግቶ፣ የመንዝን ምድር አልፎ ሸዋን ያዘ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፣ ልጃቸው ምኒልክ ገና በልጅነቱ ተማርኮ ሄደ። እኛ አገር የቴዎድሮስ ስም ሲነሳ ሽማግሌዎች ፊታቸው ሁለት ዓይነት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድነቱን ያደንቃሉ፤ በሸዋ ዓመፀኞች ላይ የወረደውን ቅጣት ግን አይረሱም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ለማድመቅ ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም።

በ1848 ዓ.ም ከስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪስቾና ተቋም የተላኩ ወጣቶች አገር ገቡ። ይሄ ተቋም የእጅ ሙያ ያላቸውን ልጆች መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሮ፣ በሙያቸው እየሠሩ ራሳቸውን እንዲችሉ አድርጎ ወደ ውጭ የሚልክ ቤት ነበር። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን መጡ። ቆየት ብለው ዋልድማየርና ሳልሙለር ተከተሉ። ሰዎቹ የመጡት ሊሰብኩ ነው። ንጉሡ ደግሞ ስብከቱ ሳይሆን እጃቸው ነው የታየው።

ደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት የምትባል ቦታ ሰጣቸው። መሬት፣ ቤት፣ ሠራተኛ አቀረበላቸው። መጀመሪያ መንገድና ጋሪ፣ ቀጥሎ መሣሪያ አዘዛቸው። መድፍ አንችልም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር፣ ሙያቸው አልነበረምና። እሱ ግን ሞክሩ አለ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ምድጃው ተሠራ፣ ፈረሰ፣ እንደገና ተሠራ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ተጨመሩ። በመጨረሻ ናሱ ቀልጦ ቅርጹን ያዘ። ንጉሡ በደስታ ፈነጠዘ።

አሁን ልብ በሉ። ጋፋት ፋብሪካ ብቻ አልነበረችም። ወጣት ኢትዮጵያውያን ሙያ እንዲማሩ እዛ ይላኩ ነበር፣ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ነበራት። ተማሪው የሚማረውን በእጁ ይሠራዋል። ዛሬ በትልልቅ ስብሰባ የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር እየተባለ የሚነገረው ነገር እኮ ይሄው ነው፣ ስም ሳይወጣለት።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ ይሸሽ ነበር። እኛ ሰፈር ይሄ ስድብ ሙሉ በሙሉ ሞቷል ብሎ የሚምል ካለ እጁን ያውጣ። ቴዎድሮስ ግን መንገድ ሲሠራ ራሱ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኳንንት የት ይገባል?

በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ የለም። በ1856 ዓ.ም ቆንስሉን ካሜሮንን አሰረ፣ ሌሎችም አውሮፓውያን ታሰሩ። ይሄ ትልቁ ጥፋቱ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም በ1858 ዓ.ም ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልኮ የእጅ ባለሙያና ማሽን ሲጠይቅ እንግሊዞች ተስማምተው ነበር። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው ምፅዋ ደረሱ። ግን እስረኞቹ መጀመሪያ ይፈቱ ተባለ፣ እሱ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡ አለ። ወራት አለፉ። ባለሙያዎቹ ተራራውን ሳይወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። መሣሪያውም እንደተጠቀለለ ቀረ።

ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በእኛ ሚዛን 70 ኩንታል ማለት ነው። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ መድፉን እያስጎተተ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። አገሩ በሙሉ ሸፍቶበታል። ምኒልክም ቀደም ብሎ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ገብቷል። መንገድ እየተቆፈረ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተወርዶ ተወጣ፤ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። በቁልቁለቱ እነ ዋልድማየርም መንገድ ሠሪ ሆነዋል።

ከባሕር በኩል ደግሞ ሮበርት ናፒየር 13,000 ወታደርና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ይዞ ይመጣ ነበር። ሰውዬው ማን ነው? መሐንዲስ ነው። የተማረው አዲስኮምብ በሚባል፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የራሱን መኮንኖች ለማሠልጠን ባቋቋመው ኮሌጅ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሕንድ ውስጥ ቦይና መንገድ ሲሠራ ኖረ። የሚቀጥረውና የሚያስተምረው አንድ ድርጅት ነበር ማለት ነው። ቴዎድሮስ በጋፋት በጥቂት ዓመት ሊያበቅለው የሞከረውን፣ እነሱ በ1809 እ.ኤ.አ. ጀምረውታል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ከፋላ ኮረብታ የተተኮሱት መድፎች አብዛኛው ጥይታቸው በእንግሊዞቹ ራስ ላይ አለፈ። አንዱ ትልቅ መድፍ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። መድፍ ማቅለጥ ተምረን ነበር፤ አልሞ መተኮስ ግን ሌላ ሙያ ነው፣ ሌላ ልምምድ ይፈልጋል። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፣ ከእኛ ወገን መቶዎች አለቁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ቴዎድሮስ እጁን ከመስጠት ሽጉጡን በራሱ ላይ አዞረ።

የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ አስፉሪዬ የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል ያፋ ሰፈረ። በዚያው በመቅደላው ዓመት የተወለደች ልጁ ማግዳሌና ትባላለች፣ ስሟ ከአምባው ነው የመጣው። ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። ጎግል አድርጉት፣ የኢትዮጵያ ደም አለው።

አገር ውስጥ የቀረው ግን ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቱ ተበተነ፣ ምድጃው ቀዘቀዘ። ምኒልክ በልጅነቱ ከቴዎድሮስ ጋር ኖሯልና ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ በ1871 ዓ.ም ከዙሪክ ፖሊ ቴክኒክ የተመረቀውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አንኮበር አስመጣ። ያም ሆኖ አገሪቱ የራሷን የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ እስክትከፍት 1940ዎቹ አጋማሽ ደረሰ። ከጋፋት እስከዚያ ከ80 ዓመት በላይ አለ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው። ከተማው ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከዩኒቨርሲቲው በፊት ብዙ አሥርት ዓመታት ነበረ። የመንዝ በግ ጠጉርም ከሁለቱም በፊት ነበረ፤ እናቶቻችን አሁንም በእንዝርት እየፈተሉት ባና ይሠራበታል። ዘንድሮ ደብዳቤ ይዛችሁ የምትዞሩ የራቤል ልጆች፣ የት እንደተቀበሏችሁና ማሽን አስነክተዋችሁ እንደሆነ በኮሜንት ጻፉልን። የድርጅቱን ስም ባትጠሩም ይገባናል።