ኤድጋር አለን (ሐኪም)
ኤድጋር ቫን ኑይስ አለን (1900 – 1961 እ.ኤ.አ.) የደም ሥር በሽታዎችን ያጠና አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በስሙ የሚጠራው የአለን ምርመራ የእጅን የደም ዝውውር ለማወቅ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

አለን ሕክምናን በነብራስካ ተምሮ በሚነሶታ ክፍለ ሀገር በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ሠራ። በዚያ ካጠናቸው በሽታዎች አንዱ የቡርገር በሽታ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ትምባሆ አጫሾችን ይይዛል፣ የእጅና የእግር ደም ቅዳዎችንም ይደፍናል።

መዳፍ ደም የሚያገኘው በተለይ ከሁለት ደም ቅዳዎች ነው፦ በአውራ ጣት በኩል ከሚወርደው ራዲያልና በትንሿ ጣት በኩል ከሚወርደው አልናር። አለን በ1929 እ.ኤ.አ. የተደፈነውን ያለ መሣሪያ የሚለይበትን ዘዴ አሳተመ። ሕመምተኛው ጡጫውን ሲጨብጥ ሐኪሙ አንዱን ደም ቅዳ በጣቱ ይጫናል፤ ጡጫው ተከፍቶ መዳፉ ነጥቶ ከቀረ ሌላው ተደፍኗል ማለት ነው።

አለን የአሜሪካ የልብ ማኅበር ፕሬዚዳንትም ሆኖ አገልግሏል።

ከሞተ በኋላ ምርመራው ለሌላ ሥራም ዋለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ሐኪም ሉሲየን ካምፖ በራዲያል በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የልብን ደም ቅዳዎች በራጅ ማንሳት እንደሚቻል አሳየ። ቱቦው የገባበት ደም ቅዳ አንዳንዴ ይደፈናል፤ ያን ጊዜ እጅን የሚያድነው አልናር ነው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች አስቀድመው የተሻሻለውን የአለን ምርመራ ያደርጋሉ። የመዳፍ ቀለም ግን የደም ቅዳውን ስፋትና ጥምዝምዝነት አይናገርም፤ ይህን የሚያሳየው የክንድ አልትራሳውንድ ነው።