ፊሊፕ ፕፋፍ፦ የተጋለጠውን የጥርስ ፐልፕ የሸፈነው ሐኪም

በሰኞ ገበያዋ በምትታወቀው ባቲም ሆነ በከሚሴ፣ ቋሚ ጥርሱ በጥልቀት ተቦርቡሮ ወደ ሕክምና ለሚመጣ ወጣት ከሚታሰቡት አማራጮች አንዱ ጥርሱን መንቀል ነው። ሌላው ደግሞ ፐልፕ የተባለውን፣ ነርቭና የደም ሥር የያዘውን የጥርሱን ውስጠኛ ለስላሳ ክፍል ሸፍኖ በሕይወት ማቆየት ነው። የዚህ ሁለተኛው አማራጭ የጽሑፍ ታሪክ ከበርሊኑ የጥርስ ሐኪም ከፊሊፕ ፕፋፍ ይጀምራል።

ፕፋፍ የኖረው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ከገበያ ወደ ገበያ የሚዘዋወሩ ጥርስ ነቃዮች ነበሩ፤ የማደንዘዣ መድኃኒትም አልነበረም። በፓሪስ ፒየር ፎሻር የጥርስ ሕክምናን በሰፊው የሚተነትን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1728 አሳትሞ ነበር። በቀዶ ሕክምና የሠለጠነው ፕፋፍም የፕሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ፍሬድሪክ የቤተ መንግሥት የጥርስ ሐኪም ለመሆን በቃ።

እ.ኤ.አ. በ1756 ስለ ሰው ጥርስና ስለ ጥርስ በሽታዎች የሚያትት መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳተመ። በዚህ ሥራው የአፍን ቅርጽ በሰም ወስዶ በጄሶ የመቅረጽን ዘዴ ገለጸ። ከሁሉም በላይ ግን ስሙን ያቆየለት የተጋለጠ ፐልፕን የመሸፈን ዘዴው ነው። ወርቅን በቀዳዳው ልክ ይቆርጥና በጥቂቱ ያጎደጉደዋል፤ ይህም ብረቱ ፐልፑን እንዳይጫነው ነው። ከዚያም በላዩ ላይ ጥርሱን ይሞላዋል። ፐልፑ የተጋለጠ ጥርስ የግድ መነቀል የለበትም የሚለው ሐሳብ በዚህ ተግባር ውስጥ ይታያል።

ፕፋፍ እ.ኤ.አ. በ1766 በርሊን ውስጥ ሲሞት፣ ዘዴው በምን ምክንያት እንደሚሳካ ወይም እንደሚከሽፍ የሚያስረዳ ዕውቀት ገና አልተገኘም ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በዚያችው በርሊን ይሠራ የነበረው ዊሎቢ ሚለር የአፍ ተሕዋስያን ከስኳር የሚያመነጩት አሲድ ጥርስን እንደሚያቦረቡር አሳየ። በ1920 ገደማ በርንሃርድ ሄርማን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን ወደ ጥርስ ሕክምና አስገባ። በ1965 የታተመ የካኬሃሺና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ዋናውን ጥያቄ መለሰ፤ ከተሕዋስያን ነጻ ሆነው ያደጉ አይጦች የተጋለጠ ፐልፕ በአዲስ ዴንቲን ተሸፍኖ ሲድን፣ ተሕዋስያን ባሉባቸው አይጦች ግን ፐልፑ ሞተ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የፕፋፍ ወርቅ በራሱ ፈዋሽ አልነበረም። የሚፈውሰው ራሱ ፐልፑ ነው፤ ዴንቲን የሚሠሩት ሕዋሳት በጉዳቱ ሲሞቱ፣ በፐልፑ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሕዋሳት ተለውጠው ቦታቸውን ይይዛሉ፤ አዲስ የዴንቲን ድልድይም ይገነባሉ። የሐኪሙ ድርሻ ፐልፑ የመዳን አቅም እንዳለው መለየት፣ ቁስሉን ማጽዳትና ተሕዋስያን እንዳይገቡ አጥብቆ መድፈን ነው። ወርቁ ይሸፍን እንጂ እንዲህ አጥብቆ መድፈን አይችልም ነበር።

ዛሬ በበርሊን የጥርስ ሐኪሞች ተከታታይ ሥልጠና የሚያገኙበት ተቋም በፕፋፍ ስም ይጠራል። ሥሩ ገና አድጎ ላልጨረሰ የአንድ ታዳጊ ቋሚ ጥርስ፣ በባቲም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ፐልፑን በሕይወት ማቆየት ማለት ሥሩ እድገቱን እንዲጨርስ ዕድል መስጠት ነው። ከፕፋፍ ሕይወት የሚቀረው ትምህርትም ከመንቀል በፊት ሊድን የሚችለውን መለየት ነው።