እውነት ይዞ የተሸነፈው ሐኪም



ሰው በሥራው ወደ ፊት መራመድ ሲያቅተው ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ከራሱ ውጭ ይፈልጋል። አለቃዬ ክፉ ነው፣ ዘመድ የለኝም፣ ዕድሌ ጠማማ ነው ይላል። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በውጭ ያለው እንቅፋት በውስጣችን ካለው ጠባይ ጋር ሲገናኝ ምን ያህል እንደሚጎዳ የአንድ ታላቅ ሐኪም ሕይወት ያስተምረናል።

ኢግናዝ ዜመልቫይስ በሃንጋሪ አገር ቡዳ በተባለችው ከተማ በ1818 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በቪየና ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1844 ከተመረቀ በኋላ፣ በ1846 በዚያው ከተማ ጠቅላላ ሆስፒታል በማዋለጃ ክፍል የፕሮፌሰር ክላይን ረዳት ሆነ።

ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 4,010 እናቶች 459 ሲሞቱ፣ በሁለተኛው ከ3,754 እናቶች የሞቱት 105 ነበሩ። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነበር። የከተማው ሴቶችም ይህን ያውቁ ስለ ነበር ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይላኩ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ነገሩ ሰላም ነሣው። በ1847 ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በተማሪ ስለት ተቆርጦ ታመመና ሞተ። ዜመልቫይስም የወዳጁ ሕመምና የአራሶቹ ሕመም አንድ ዓይነት መሆኑን አስተዋለ። እንግዲህ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል እየወጡ፣ እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ እናቶችን ሲመረምሩ ሞትን ይዘው ይገቡ ኖሯል። ስለዚህ ማንም ወደ ወላድ ከመቅረቡ በፊት ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እጁን እንዲታጠብ አዘዘ። በ1848 በዚያው ክፍል ከወለዱት 3,556 እናቶች የሞቱት 45 ብቻ ሆኑ።

ይህን ያህል ፍሬ የታየበትን ሥራ ግን ብዙ ታላላቅ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። በተማረ ሰው እጅ ሞት ይመጣል መባሉ ክብራቸውን ነካ። ክላይንም በ1849 የዜመልቫይስን ውል ሳያድስለት ቀረ። ትዕቢት ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ እዚህ ላይ እናያለን።

ዜመልቫይስም በበኩሉ ጉድለት ነበረበት። ወዳጆቹ ጻፍ እያሉ ቢወተውቱትም መጻፍ አይወድም ነበር፤ በመጀመሪያ ግኝቱን በጽሑፍ ያሳወቀለት ወዳጁ ሐኪም ሄብራ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ነገር ግን ንጋቱ እስኪመጣ ድረስ በሌሎች ከተሞች እናቶች ይሞቱ ነበር።

በ1850 እንዲያስተምር ቢፈቀድለትም፣ ማስተማሩ በአሻንጉሊት ብቻ እንዲሆን ተወሰነበት። በደል መሆኑ አይካድም። እርሱ ግን ተቆጥቶ፣ ሲከራከሩለት የቆዩትን ወዳጆቹን እንኳ ሳይሰናበት ቪየናን ጥሎ ሄደ። በዚህም ድምፁን የሚያሰሙለትን ሰዎች በገዛ እጁ አራቀ። በፔስት ከተማ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል በሠራባቸው 6 ዓመታት ከ933 ወላዶች የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። መጽሐፉን ያወጣው ግን በ1861፣ ማለትም ከግኝቱ 14 ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም ረጅምና ድግግሞሽ የበዛበት ነበር። መጽሐፉን የነቀፉትንም ነፍሰ ገዳዮች እያለ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈባቸው። ይሰሙት የነበሩ ጆሮዎች ሳይቀሩ ተደፈኑ።

በ1865 አእምሮው ታወከ። ይህ ሕመም እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ቪየና በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገብቶ ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ቆየ፣ ቁስሉ አመርቅዞ በ47 ዓመቱ ሞተ፤ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ዓይነት መመረዝ እርሱኑ ገደለው። ከሞቱ በኋላ የፓስተርና የሊስተር ሥራ እውነቱን አጸና። ዛሬ በቡዳፔስት ያለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል።

ወጣቶች ሆይ፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስንሰማራ ሁለቱም ፈተና ይጠብቀናል። ከእኛ በታች ያለ ሠራተኛ ስሕተታችንን ሲያሳየን እንደ ቪየና ሐኪሞች እንቆጣ ይሆናል። ወይም ትክክለኛ ሐሳብ ይዘን አንድ ቀን ባይሰሙን፣ አኩርፈን ወረቀታችንን ሳንጽፍ ጠረጴዛውን ትተን እንሄዳለን። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ቂም ይዞ ሥራም እንዲሁ ነው። የያዝነው እውነት ለሌላው ሕይወት የሚጠቅም ከሆነ በትዕግሥት ደጋግሞ ማስረዳት፣ በጊዜው መጻፍ፣ ወዳጅንም አለማራቅ የሥራው ክፍል ነው። እስቲ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አኩርፈን የተውነው ሥራ እንዳለ ራሳችንን እንመርምር፤ ካለም ተመልሰን እንጀምረው።