አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በካርቱም

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስም ያተረፉት በዜማ ሳይሆን በእግር ኳስ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል፤ በብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። የተጫዋች ስም አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበቱ ጋር አብሮ ይደክማል። የእርሳቸው ታላቅ ሥራ ግን የጨዋታ ዘመናቸው ሊያበቃ ሲቃረብ ተጀመረ።

በ1948 ዓ.ም. በሊዝበን በተደረገው የፊፋ ጉባኤ የተገናኙ የአፍሪካ መልእክተኞች የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ተመካከሩ። ምክሩ የተፈጸመው በካርቱም ነው። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች ገና አንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሆኗት ነበር። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በዓባይ ዳር በሚገኘው ግራንድ ሆቴል የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተሰበሰቡ። ከኢትዮጵያ በኩል አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ከተማ ሊደረግ ተወስኖ ነበርና፣ ብርቱ ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። የደቡብ አፍሪካ መልእክተኛ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንደሚያሰልፍ እንጂ ሁለቱን እንደማያቀላቅል አስታወቀ። ያሉት አገሮች አራት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቢወጣ ውድድሩ የሦስት አገር ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ነው። ቢሆንም አቶ ይድነቃቸውና የሱዳን፣ የግብጽ ጓደኞቻቸው ዋንጫው ቢያንስ ይሻላል ብለው ደቡብ አፍሪካን ከውድድሩ አስወጡ።

ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ስለ ነበር ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፈች። ያለ ላብ የተገኘ ፍጻሜ ግን አልበጀም፤ የካቲት 9 ቀን ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያገባው አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር።

ብድሩ የተመለሰው በአዲስ አበባ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን፣ 2 ለ 2 ከተለያዩ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ራሱን የቻለ ቦታ በመነፈጓ አገሮቿ ከማጣሪያው ሲወጡ ከተከራካሪዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ቦታው ተፈቅዶ በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የካርቱሙንም ጉዳይ አልተዉትም፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በዘር መድልዎዋ ምክንያት አባረረ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአገሯ አስተናግዳ፣ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድነት አሰልፋ አሸነፈች።