ካሬል ቻፔክ፦ ፈጠራ በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የጠየቀ ደራሲ

ዛሬ በየፋብሪካው የሰውን ሥራ ተክተው የሚሠሩ ማሽኖች የሚጠሩበት ሮቦት የሚለው ቃል የተወለደው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በቴአትር መድረክ ነው። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ጋዜጠኛና ደራሲ ካሬል ቻፔክ ሲሆን፣ በድርሰቶቹ ደጋግሞ ያነሳው ጥያቄ ግን ከቃሉ ይልቅ የከበደ ነው። ይኸውም አንድ ሳይንቲስት ያገኘው እውቀት ለጥፋት እንደሚውል እያወቀ ለሌሎች አሳልፎ ሊሰጥ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ቻፔክ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 በኦስትሮ ሀንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው ቦሔሚያ፣ ማሌ ስቫቶኞቪትሴ በተባለች ስፍራ ከአንድ የገጠር ሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አጥንቶ በ1915 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። በአከርካሪ አጥንት ሕመም ምክንያት በአንደኛው የዓለም ጦርነት አልዘመተም። በዚያው በ1915 የጀርመን ጦር በቤልጅየም ኢፕር ግንባር የክሎሪን ጋዝ በጠላቶቹ ላይ በመልቀቁ የኬሚስትሪ እውቀት ለምን ሊውል እንደሚችል ዓለም በገሃድ ተመልክቷል።

ከጦርነቱ ማብቃት በኋላ፣ በ1920፣ አር ዩ አር የተሰኘውን ተውኔት አሳተመ። ሮቦት የሚለውን ስያሜ ያቀረበለት ሠዓሊውና ደራሲው ታላቅ ወንድሙ ጆሴፍ ነበር። ቃሉ የተገኘው የቼክ ገባር ለባላባቱ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የግዴታ ሥራ ስም ሲሆን፣ በአገራችን ሁዳድ ይባል ከነበረው ሥራ ጋር ይቀራረባል። በተውኔቱ ሰው ሠራሽ ሠራተኞች በብዛት እየተመረቱ ለገበያ ይቀርባሉ፤ በመጨረሻም በፈጣሪዎቻቸው ላይ ያምፃሉ። ተውኔቱ በ1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ከታየ በኋላ በ1922 በኒውዮርክ፣ በ1923 ደግሞ በለንደን ለመድረክ በቅቷል።

ደራሲው ጥያቄውን ይበልጥ ያጠበቀው በ1924 በታተመው ክራካቲት በተባለው ልብ አንጠልጣይ ልቦለዱ ነው። የታሪኩ ባለቤት ፕሮኮፕ የተባለ ኬሚስት ሲሆን፣ በክራካታው እሳተ ገሞራ ስም የሰየመውን እጅግ ኃይለኛ ፈንጂ ያገኛል። በፍንዳታ ቆስሎ በትኩሳት በሚቃዥበት ጊዜ የምስጢሩ ከፊል ከአፉ ያመልጠውና በአንድ የቀድሞ የትምህርት ባልደረባው እጅ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ አምራቾች ያግቱታል፤ ሥልጣን፣ ሀብትና ፍቅር እየቀረበለት ቀመሩን እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ እርሱም እምቢ ይላል። ሆኖም የእርሱ እምቢታ ብቻውን አልበቃም። ምስጢሩን የወሰደው ሰው ፈንጂውን ለመሥራት ሲጥር ቆይቶ ፋብሪካው በፍንዳታ ይወድማል።

ቻፔክ ሳይንስን የጠላ ሰው አልነበረም። ያስጨነቀው ተመራማሪው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ የእርሱ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። በ1937 ለመድረክ በበቃው ነጩ በሽታ በተሰኘው ተውኔቱም የወረርሽኝ መድኃኒት ያገኘ ሐኪም ገዥዎች ሰላም ካላወረዱ ኃያላኑን እንደማያክም ያስታውቃል፤ በመጨረሻ ግን ጦርነት የጠማው ሕዝብ ይገድለዋል። ሕሙማንን መያዣ ያደረገው ሐኪም ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ ደራሲው ለተመልካቹ ትቶታል።

ቻፔክ ፋሺዝምን በብዕሩ አጥብቆ ተቃውሟል። በሴፕቴምበር 1938 በሙኒክ ስምምነት አገሩ ተቆርሳ ለናዚ ጀርመን ስትሰጥ ሐዘኑ ከባድ ነበር። ከአገሩ ሳይሰደድ በሳንባ ምች ታሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን በ48 ዓመቱ አረፈ። በማርች 1939 ፕራግ በጀርመን ጦር ከተያዘች በኋላ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ መሞቱን ሳያውቅ ሊይዘው ቤቱ መሄዱ ይነገራል። ወንድሙ ጆሴፍ ግን ተይዞ በ1945 በበርገን ቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ ሕይወቱ አልፏል።

በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ቀን፣ ክራካቲት ከታተመ ከ21 ዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ተጣለ። በአር ዩ አር የሮቦቶቹ አሠራር የተጻፈበት ሰነድ ይቃጠላል፤ በክራካቲት ደግሞ ፕሮኮፕ ቀመሩን ይረሳዋል። በገሃዱ ዓለም ግን ቀመሩ አልተቃጠለም፣ አልተረሳምም። ቻፔክ ለሳይንቲስቶች ያቀረበው ጥያቄ ዛሬም ድረስ መልስ የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።