የተሰበረ ብረት ያስተማረው ሰው

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓመተ ምሕረት፥ በደቡብ ባሕር መካከል ባለችው በኒው ዚላንድ አገር፥ ኢንቨርካርጊል በምትባል ከተማ በርት መንሮ ተወለደ። መንታ እኅቱ ስትወለድ ሞተች፤ እርሱ ግን ተርፎ በእርሻ ላይ አደገ። ከልጅነቱም ጀምሮ ፍጥነትን እጅግ ይወድ ነበር።

በ1920 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ የተሠራች፥ ኢንዲያን ስካውት የምትባል ሞተር ብስክሌት ገዛ። ይህች ሞተር ከፋብሪካ ስትወጣ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ስታረጅ ሸጦ አዲስ በገዛ ነበር። መንሮ ግን ከ1926 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ያችኑ ሞተር በገዛ እጁ እያሻሻለ ለውድድር ሊያበቃት ቈረጠ። ይህም አሳብ እስከ እርጅናው ድረስ አልተለየውም።

ሀብታም አልነበረምና ቀን ሞተር ብስክሌት በመሸጥ ሥራ ይውላል፤ ማታ በትንሿ መሥሪያ ቤቱ ይደክማል። ፒስቶን ባስፈለገው ጊዜ ማዕድን አቅልጦ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ያፈስስ ነበር። ቢየላ የሚባለውንም የሞተር ክንድ ከአሮጌ ትራክተር አክስል ቀርጾ አወጣ። መለኪያውን እንኳ ከመንኰራኵር ሽቦ አበጀ።

የሞተር ኀይል ሲጨምር ግን በየዕቃው ላይ የሚያርፈው ጭነት ይጨምራል። ስለዚህ በብዙ ድካም የተሠራው ዕቃ ደጋግሞ ተሰበረ፤ ደጋግሞም ቀለጠ። መንሮ የተሰበረውን እንደ ኀፍረት ቈጥሮ አልደበቀውም፤ በመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፥ ለሚገባ ሁሉ በሚታይበት ቦታ፥ በተራ ደረደረው እንጂ። ብረት የሚሰበረው በደካማ ቦታው ነውና፥ ስብራቱን የሚመረምር ሠራተኛ የሚቀጥለውን ዕቃ የት እንደሚያጠነክር ያውቃል።

በአሜሪካ በዩታ ግዛት ቦንቪል የሚባል ሰፊ የጨው ሜዳ አለ። በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ሲደርቅ ግን እንደ ገበታ ይስተካከላል፤ በነሐሴም ወር ፍጥነታቸውን የሚያስመዘግቡ ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ወራቱ አጭር ነው፤ በዚያ ጊዜ ያልተዘጋጀ ሰው እስከሚመጣው ዓመት ይጠብቃል። መንሮ ወደዚህ ሜዳ ባሕር ተሻግሮ ዐሥር ጊዜ ሄደ። በመጀመሪያው ጊዜ ለማየት ብቻ ነበረ፤ በዘጠኙ ግን ተወዳደረ።

በ1962 ዓመተ ምሕረት፥ በ63 ዓመት ዕድሜው፥ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በሞተሩ መደብ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። በ1966 ደግሞ በሌላ መደብ ሁለተኛ ክብረ ወሰን አገኘ። በ1967 ዓመተ ምሕረት፥ 68 ዓመት ሲሞላው፥ ሲገዛት 600 የነበረውን የሞተሯን ልክ ወደ 950 ሴንቲ ሜትር ኩብ አሳድጎ፥ ከ1000 በታች በሆኑት መደብ በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። ያች አሮጌ ሞተር ከፋብሪካ ከወጣችበት ፍጥነት ከሦስት እጥፍ በላይ ሄደች። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአገራችን ምሳሌ በእርሱ ተፈጸመ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በውድድር ብዙ ጊዜ ወድቆ ቈስሏል፤ ጋብቻውም እስከ መጨረሻው አልጸናም። ሌሊቱን ሁሉ ለአንድ ሥራ የሚሰጥ ሰው፥ ከማን ቀንሶ እንደሚሰጥ ማሰብ ይገባዋል። በርት መንሮ በ1978 ዓመተ ምሕረት በጥር ወር በተወለደባት ከተማ በ78 ዓመቱ ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ እንደ እርሱ መሮጥ ለሁሉ አልተሰጠም፤ ያ መደርደሪያ ግን ለሁሉ ይጠቅማል። በሒሳብ ደብተሩ ላይ ቀይ ምልክት ያገኘ ተማሪ ገጹን ቀድዶ ቢጥለው፥ ስሕተቱ በልቡ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ገጹን ጠብቆ፥ ከየትኛው ቍጥር ላይ እንደ ሳተ ቢመረምር ግን፥ ያው ቀይ ምልክት መምህር ይሆነዋል።